ጠጠር የተሰፋበት መጋረጃ

የእትዬ የሻረግን መሞት የነገረችኝ መቀስ ልትመልስ የመጣች ልጃቸው ናት።

ከክረምቱ ዕረፍት ተመልሼ የክፍሌን አቧራ ሳራግፍ ስንዱ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ገና የፊት ጥርሶቿን በመቀየር ላይ ያለች ልጅ ናት። ራሷ ተላጭቷል፤ የለበሰችው ቀሚስ የእሷ አይደለም፤ በሁለት እጇ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«የኔታ፣ መቀሱ ይኸው» አለችኝ። «እማ ‹ሳትረሺ መልሺላት› ብላኛለች።»

«እናትሽስ ምነው ቀሩ?»

«ሞታለች» አለች፣ ገበያ ሄዳለች እንደሚባለው ሁሉ።

ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ አስቀምጫት የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። እሱን በመጨረሻ እጽፈዋለሁ። ነገርን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ልማዴ ነው፤ ይህን ደግሞ በቅደም ተከተል ካላስቀመጥኩት እስከ መጨረሻው መጻፍ የምችል አይመስለኝም።

ጎንደር የመጣሁት በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ላስተምር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ለከተማው ሴቶች ክፍት ስለሚሆን፣ የቤት ዕቃ ስፌት መማር የፈለገች ሁሉ መጥታ ትማራለች፤ የትራስ ልብስ፣ አንሶላ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ መጋረጃ። በእጅ የሚዞሩ ሁለት የስፌት ማኪናዎች አሉን። አንዱ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው፤ በብርድ ቀን እጀታው አልዞርም ይላል። የትምህርቱን ተራ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጽፌ አልጠፋም። መርፌና ክር ይቀድማል፤ ከዚያ ጠርዝ አጥፎ መቀምቀም፣ ቀጥሎ ትራስ፣ ቀጥሎ በጥልፍ ጣዎስ፣ መጨረሻ ላይ መጋረጃ። መጋረጃ መጨረሻ የሆነበት ምክንያት አለው። ጨርቁ ብዙ ነው፤ መስመሩ ረጅም ነው፤ እጇ ያልጸና ሴት ብትጀምረው ጠርዙ እንደ እባብ ይጠማዘዝባታል።

ትምህርቱ ተጀምሮ ሳለ አንዲት ቀጭን ሴት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበዋል። ዕድሜያቸው ከአርባ ባያልፍም ፊታቸው ግን አልፎታል።

«መጋረጃ የምታስተምረው እዚህ ናት?» አሉ።

«አዎ እትዬ፤ ይግቡ። መጋረጃ ግን መጨረሻ ላይ ነው።»

«መጨረሻው መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ከፋሲካ በኋላማ አይሆንም፤ ልጄ አትጠብቀኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከፊት የምትቀመጠው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ዘወር አለችና፣ «እሰይ! ልጅሽን ልትድሪ ነዋ! ሸጋ ነው። ጫጉላው መጋረጃ ይፈልጋል» አለች።

«አዎን» አሉ እትዬ የሻረግ። «ልድራት ነው።»

ክፍሉ ሲበተን እርሳቸው ሳይሄዱ ጠበቁኝ። ደረጃው ላይ ቆመው ስለ ሠርጉ የተናገሩት ውሸት መሆኑን ነገሩኝ። ትልቋ ልጃቸው ብርቄ የሳምባ በሽታ ይዟታል። ሆስፒታል ወስደዋት መርፌው ተጀምሮላታል፤ የምትተኛበት አልጋ ግን አልተገኘም። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ እርሳቸውን ለብቻ ጠርቶ መከራቸው። የታመመችው ልጅ ለብቻዋ ትተኛ፤ የራሷ ፍራሽ፣ የራሷ ትራስ፣ የራሷ ኩባያ ይኑራት፤ ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ በመጋረጃ ይከፈል፤ ጨርቁ ይቀቀል፤ ሳትድን ከቀረች ፍራሹ ይቃጠል እንጂ ሌላ ሰው አይተኛበት። አለበለዚያ ትንሿም ትከተላለች አላቸው።

«ባሌ አዘዞ ጦር ሰፈር ወታደር ነበር» አሉኝ። «እንዲሁ እየሳለ ሞተ። አራታችንም በአንድ ጋቢ ሥር ነበርን። እኔው ነኝ በእጄ ያለበስኳቸው። ማን ነግሮኝ! አሁን ተነገረኝ። ብርቄን እግዜር ያውቃል። ስንዱን ግን አልሰጥም። የኔታ፣ መጋረጃውን ዛሬ አስተምሪኝ።»

እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ፣ የኔታ። ይህ ስም ለቤተ ክርስቲያን መምህር፣ ያውም ለሽማግሌ የሚሰጥ መሆኑን ብነግራቸው፣ «ካስተማርሽኝ የኔታዬ ነሽ፤ ጢሙን እግዜር ይጨምርልሽ» አሉኝ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ጭንቀት መካከል፣ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ሁሉ የኔታ አሉኝ፤ ስሙም በዚያው ጸናብኝ።

ተራዬን ለእርሳቸው ስል አፈረስኩት። ጣዎሱ ተዘለለ። የመጀመሪያውን ስፌት ግን መዝለል አይቻልም ነበርና እሱን አስቀደምኩ። የመያዣ ስፌት እንለዋለን። ረጅምና ላላ ያለ ነው፤ ሥራው ሁለት ጨርቅ እንዳይንሸራተት ለጊዜው መያዝ ብቻ ነው። ዋናው ስፌት ሲያልቅ ይወጣል።

እትዬ የሻረግ ጥጥ ፈትለው ለሸማኔ እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ስለነበሩ፣ ክር በጣታቸው መካከል ሲያልፍ ደስ ይል ነበር። ሰፍተው ጨረሱና ጫፉን ሊቋጥሩ ሲሉ ያዝኳቸው።

«አይቋጠርም።»

«ምነው?»

«የሚመዘዝ ነዋ። ካልቋጠሩት አንዴ ሲስቡት ይወጣል። ከቋጠሩት ግን አልወጣም ይላል፤ መቁረጥ ይመጣል።»

ክሩን ይዘው ሳብ አደረጉት። ሙሉው መስመር እየተንሸራተተ በእጃቸው ላይ ተጠቀለለ። እንደ ልጅ ደግመው ሰፉና ደግመው መዘዙት።

«ይኼስ ሊሄድ የመጣ እንግዳ ነው» አሉ።

ጨርቁ የተገዛው የባላቸው የወታደር ካፖርት ተሽጦ ነው። ለፍራሹ አቡጀዲ፣ ለመጋረጃው አበባ ያለበት ቺት ገዙ። የገለባ ፍራሽ ሰፍቶ የማያውቅ ሰው ከትልቅ ትራስ የማይለይ ይመስለዋል። ገለባ ግን ይወጋል፤ በስፌቱ ቀዳዳ ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከውስጥ ይሰፋል፤ ተገልብጦ ያው ጠርዝ ከውጭ እንደገና ይሰፋል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ገለባው ወደ አንድ ወገን እንዳይሸሽ በጆንያ መርፌ ከላይ እስከ ታች እየተወጋ እዚህም እዚያም ይታሰራል። ይህን ሁሉ ሳስረዳ እትዬ የሻረግ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉኝ ነበር፤ ጸሎት የሚደግሙ ይመስላሉ። አንድም ነገር ሁለት ጊዜ አልጠየቁኝም። ጊዜ የላቸውማ!

ወይዘሮ አስካለ ጣዎሷን እየጠለፈች ትነካካቸው ነበር። «ምነው የሻረግ፣ ለሙሽራ የገለባ ፍራሽ? ጥጥ አነሰሽ?»

«ሙሽራዬ ጎኗ ቀላል ነው» ይሏታል። «አንቺ የጣዎስሽን ዓይን አስተካክዪው። ወደ ሁለት ወገን ነው የሚያየው።»

ሴቶቹ ተነሥተው ጣዎሱን ሊያዩ ይጋፋሉ፤ እትዬ የሻረግ በዚያ መካከል አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ።

ወደ መጋረጃው ስንመጣ ተከራከርን። መጋረጃ ከሚጋርደው ቦታ እጥፍ የሚሆን ጨርቅ ይፈልጋል፤ ሲሰበሰብ ያን ጊዜ ነው ሞገድ እየሠራ የሚያምረው። ይህን በሰሌዳው ላይ ሥዬ አሳየኋቸው።

«ማማሩ ይቅርብኝ» አሉ። «ግድግዳ ይሁንልኝ።»

ስለዚህ ግድግዳ ሰፋን። ከጣሪያው ሽቦ እስከ መሬት፣ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው የሚደርስ ነው። ልኩን የወሰዱት በገዛ አካላቸው ነው፤ እጃቸውን ሰቅለው ቁመቱን፣ እጃቸውን ዘርግተው ወርዱን።

በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ቁስቋም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ቤታቸው ሄድኩ። መጋረጃው ተሰቅሏል። ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ በሩ ወደ ስንዱ ወገን፣ ትንሿ መስኮት ወደ ብርቄ ወገን ደርሰዋል። እትዬ የሻረግ እንዲህ ያደረጉት አየሩ እንዲወጣላት ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ የሳል ድምፅ ተሰማ፤ ሳሉ ሲያባራ የልጅ ድምፅ ቀጠለ። «ማን ነው የመጣ?»

«የኔታ ናት» አሉ እናቷ።

«ከአገሬ ዳር ይቁሙ። እዚህ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አይገባም።»

«ንጉሡ ማነው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ። ፍራሼ ዙፋኔ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ መደብ ላይ ነው የሚተኛ።»

ብርቄ እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች። መልኳን በደንብ አላየሁትም፤ በድምፅ ነው የማውቃት።

ችግሩ ግን የታመመችው አልነበረችም፤ ጤነኛዋ ናት እንጂ። ስንዱ ከተወለደች ጀምሮ ከእህቷ ጎን ሳትለጠፍ ተኝታ አታውቅም። ይህን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን ልጅ ለብቻው መተኛቱ ቅጣት ነው፣ የታመመን ሰው ለብቻው ማስተኛት ደግሞ ጭካኔ ነው። እንጀራ በአንድ ገበታ ነው፤ ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ብርድ በአንድ ጋቢ ነው። ድሬሰሩ በአንድ ቀን ትእዛዝ ይህን ሁሉ ነው እትዬ የሻረግን ተዉ ያላቸው። ስንዱ ጨርቁን ከሥር ገለጥ አድርጋ ትገባለች። ይዘው ያወጧታል። ሲዘናጉ ተመልሳ ትገባለች።

አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ቤት መጋረጃው እንዳይነሣ በጠርዙ ውስጥ የእርሳስ ብረት ተሰፍቶበት ማየቴን አስታወስኩና ይህንኑ ነገርኳቸው። በማግስቱ ቀሃ ወንዝ ወርደው ጠጠር ለቅመው መጡ። ጠርዙን ፈትተው ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ከትተው፣ በየመካከላቸው እየሰፉ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ወዲያ መጋረጃው በተነካ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። እትዬ የሻረግም በእንቅልፋቸው ውስጥ ሆነው ይሰሙታል።

ጎረቤታቸው እማማ ጥሩ ሊጠይቁ መጥተው ይህን መጋረጃ ሲያዩ በሩ ላይ ቀጥ አሉ። አሮጊት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ሰፈር ይበትናል።

«ምነው የሻረግ! የታመመ ሰው በጨርቅ ተጋርዶ ይጠየቃል? ልጅቱን ሳትሞት ቀበርሻት እኮ!»

«እማማ፣ ከዚህ ሆነው ይጠይቋት። ጆሮዋ አልታመመም።»

«ዓይኗን ልየው እንጂ!»

«እኔም ልየው እላለሁ» አሉ እትዬ የሻረግ። እማማ ጥሩ እያጉረመረሙ ወጡ።

ብርቄ ከፋሲካ በፊት ሞተች።

አሁን የምጽፈውን ብዙ ሰው አይቶታል፤ በከተማውም ብዙ ተወርቶበታል። ስለዚህ በትክክል ልጽፈው እሞክራለሁ። ሰው ሲሞት የለበሰው ልብስ፣ የተኛበት መኝታ ለነፍሱ ተብሎ ለድኻ ይሰጣል። ይህ የማይቀር ነገር ነው። በሠልስቱ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር የማትጠፋ ልጅ ያዘለች አንዲት ነዳይ መጥታ ጥግ ላይ ቆመች። የመጣችው ለፍራሹ ነው። ማንም አልጠራትም፤ ግን ማን ይከለክላታል? ወጉ ነው። ፍራሹን ያየ ሁሉ እንደዚያ ያለ ሸጋ ፍራሽ በሰፈሩ እንደሌለ ያውቃል።

እትዬ የሻረግ ፍራሹን እየጎተቱ ወጡ። ትራሱን፣ የትራሱን ልብስ፣ የብርቄን ቀሚስ በላዩ ከመሩ። ነዳይዋ እጇን ዘረጋች። እርሳቸው ግን ጎንበስ ብለው እሳት ለኮሱበት።

ገለባ እንዴት እንደሚነድ የታወቀ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። እማማ ጥሩ ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ። «ኧረ ያዟት! የልጇን ነፍስ አቃጠለች! ሐዘን አሳብዷታል!»

ነዳይዋ አልጮኸችም። በጀርባዋ ያለውን ልጅ ወደ ፊት አዙራ አሳየቻቸው። «እመቤቴ፣ ይኼ ድንጋይ ላይ ነው የሚተኛ» አለች። «በእሳት ከምትሰጪው ምነው ለእሱ ብትሰጪው?»

እትዬ የሻረግ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሳል ነው። በነጠላቸው አፍነው ሳሉ፤ ሳሉ፤ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ቀና ሲሉ ነጠላውን በፍጥነት አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱት። ያን ጊዜ ከጎናቸው ነበርኩ። ነጠላው ላይ የነበረውን አይቼዋለሁ።

«ለልጅሽ ስል ነው» አሏት ነዳይዋን። «ሌላ እሰጥሻለሁ። እምላለሁ።»

ለቀስተኛው ከመዓድ ሳይቀመጥ ተበተነ። እኔ ቀረሁ። ቤቱ ውስጥ ስገባ መጋረጃው የለም፤ ጓሮ በትልቅ ድስት በአመድ ውሃ እየተቀቀለ ነው። አበባው ከእንፋሎቱ መካከል እየወጣ ይገለበጣል።

«መጋረጃውንስ ምነው አላቃጠሉትም?» አልኳቸው።

እሳቱን በእንጨት እየቆሰቆሱ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።

«እሱን ገና እፈልገዋለሁ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ክፍሌ አልገቡም። ትምህርታቸውን ግን አልተዉም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ በመስኮቱ በኩል ከውጭ ይቆማሉ። ቀድሞ ክር በጥርሳቸው ይበጥሱ ነበር፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥቻቸዋለሁ። አሁን መቀስ እንዳውሳቸው ጠየቁኝ፤ አፋቸውን የነካ ክር ሰው እንዲነካው አልፈለጉም። ከትምህርት ቤቱ መቀሶች አንዱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩላቸው። ወይዘሮ አስካለ ነገሩ ገብቷት ስለነበር ወንበሯን ከመስኮቱ አራቀች። እትዬ የሻረግ አይተው፣ «ሸጋ አደረግሽ፤ ትንሽ ራቅ በይ» አሏት። አስካለ በዚያን ቀን ጣዎሷን ሳትነካው ዋለች።

ምን እየሰፉ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በኋላ ነው የለየሁት። የክት ቀሚሳቸው ነበር፤ በበዓል ብቻ የሚለብሱት፣ ጥለት ያለው። ስፌቱን ፈትተው፣ ዘርግተው፣ የፍራሽ ልብስ እያደረጉት ነው። ሰፍተው ሲጨርሱ ቀቀሉት። ራሳቸው ገለባ አልሞሉበትም።

«የኔታ፣ ሙዪልኝ» አሉኝ። «በእኔ እጅ ሥር እንዳያድር።»

ገለባውን ሞላሁት፤ በጆንያ መርፌ እዚህም እዚያም አሰርኩት፤ ተሸክሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄድኩ። ነዳይዋ ጥለቱን በእጇ ዳሰሰችው። «የማን ነው?» አለች። የብርቄ ነው አልኳት፤ ለነፍሷ። እትዬ የሻረግ ከዛፍ ሥር ርቀው ቆመው ያዩ ነበር።

ለእርሳቸው ግን ማረፊያ አልተገኘም። ሆስፒታል ሄደው ለመርፌው ተራ ያዙ። አልጋ የለም ተባሉ። ዳገቱን እየወጡ እየወረዱ መርፌውን ይወጉ ነበር፤ እየቆየ ግን ዳገቱ አልወጣም አላቸው። ስንዱን የሚያስጠጋ ቤት ፈለግሁ። ከዚያ ቤት የወጣች ልጅ ናት ተብሎ ማንም አልቀበልም አለ። እኔ የምኖረው ከሌሎች መምህራት ጋር በጋራ ክፍል ስለሆነ አልተፈቀደልኝም። ያንን ሰሞን አስታውሳለሁ፤ በየበሩ ቆሜ ንግግሬን በቅደም ተከተል አደርግ ነበር፤ አንደኛ ልጅቱ አልታመመችም፣ ሁለተኛ ድሬሰሩ ይህን ብሏል፣ ሦስተኛ... ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ በሩ ይዘጋል።

ለዕረፍት ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ወረድኩ። ዝናብ ጀምሯል። መጋረጃው እንደገና ተሰቅሏል፤ አሁን ከወዲያ ያሉት እርሳቸው ናቸው። ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ በጨርቁ በኩል አወራን።

«ደህና ግቢ» አሉኝ። «ስትመለሺ ስንዱን ፊደል አስቆጥሪልኝ። ፊደሉ ሲያልቅ ደግሞ መርፌ አስይዣት።»

«እርስዎ ያስይዟታል» አልኳቸው።

ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው ቆየ።

«የኔታ፣ ልጅቷ ብልሃት አወቀችብኝ» አሉ። «ጠጠሩን ድምፅ ሳታሰማ ማንሣት ችላለች። ስነቃ ከጎኔ አገኛታለሁ። ትንፋሿ ትንፋሼ ላይ። ባስወጣት ትመለሳለች። ብመታት ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች በኋላ ትመለሳለች። አሁን ጉልበት የለኝም። ምን ይሻለኛል?»

መምህር ነኝ። ለሚጠየቅ ሁሉ መልስ መስጠት እወዳለሁ። ጠጠር እንጨምርበት ልላቸው ስጀምር ቀደሙኝ።

«ያ ሊሄድ የመጣው ስፌትስ?» አሉ እርሳቸው ራሳቸው። «እሱ ይይዝልኝ ይሆን?»

ይይዛል አልኳቸው፤ ጨርቁን ለጊዜው ይይዛል።

እንግዲህ ስንዱ የነገረችኝ ላይ ደረስኩ።

እናቷ ሁልጊዜ ሲመሽ የመጋረጃውን ዳር ዳር ግድግዳው ላይ በምስማር ከተመታ ጨርቅ ጋር ከውስጥ ሆና ትሰፋዋለች። ክሩ የራሷ ፈትል ነው። ሲነጋ ክሩን ትመዘዋለች፤ ያን ጊዜ ጠጠሮቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ለስንዱ ንጋት ማለት ያ ድምፅ ነው።

«እኔ ግን አንዳንዴ ከውጭ ክሩን አገኘውና እስበዋለሁ» አለችኝ፣ ጥፋቷን ስትናገር ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። «ሲሳብ ይመጣል። ጠጠሩ ይጮኽና እማ ትነቃለች። ‹ተመለሺ› ትለኛለች።»

በመጨረሻው ምሽት እናቷ መቀሱን ቀቅላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከመጋረጃው ውጭ መደቡ ላይ አኖረችው። ለየኔታ መልሺላት አለቻት። ከዚያ ገብታ ሰፋች። ያን ቀን ስፌቱ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ስንዱ ክር ሲገባና ሲወጣ እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት።

ነጋ። ጠጠሮቹ አልጮኹም። የቁስቋም ደወል ተደወለ። ሰው በደጅ አለፈ። ስንዱ ጠራቻት፤ መልስ የለም። ክሩን ከውጭ ፈልጋ አገኘችው።

«ሳብኩት» አለችኝ። «አልመጣም። በሁለት እጄ ሳብኩት። እምቢ አለ። እማማ ጥሩን ጠራሁ።»

እማማ ጥሩ መጥተው እርሳቸውም ሳቡት። ከዚያ መደቡ ላይ ያለውን መቀስ አንሥተው ቆረጡት፤ ልጅቷን ወደ ውጭ ገፍተው ብቻቸውን ገቡ። በሠልስቱ ያንን መጋረጃና የሟቿን መኝታ አውጥተው ያቃጠሉት ራሳቸው እማማ ጥሩ ናቸው፤ ማንም ሳያዛቸው፣ ለቀስተኛው እያየ። ስንዱ አሁን እርሳቸው ዘንድ ናት። ድሬሰሩ ደረቷን አዳምጦ «እስካሁን ንጹሕ ነው» ብሏል። እስካሁን የሚለው ቃል ዕረፍት ይነሣኛል። ግን ንጹሕ ነው።

ስንዱ ወሬዋን ስትጨርስ ጥቅሉን ፈታሁት። መቀሱ በመቀቀል ብዛት ዝጓል። በሁለቱ ምላጮች መካከል የተቆረጠ ክር ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ ወፈር ያለ፣ በእጅ የተፈተለ። በጣቴ አወጣሁትና ብርሃን ላይ ያዝኩት።

«የኔታ፣ ምነው እምቢ አለ?» አለችኝ ስንዱ። «ሌላ ቀን ይመጣ የለም እንዴ?»

አጠገቤ መጥታ ክሩን አብራኝ አየች።

«ጫፉ ተቋጥሮ ነው» አልኳት።